ደንገል በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ቅዳሜ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል። በሰሜን እንግሊዝ አንዲት ከተማ የኅዳር ጠዋት ገና አልነጋም። ከዘንዘልማ የሄደ አንድ መምህር በነጭ ሸሚዝና በጥቁር ሱሪ ላይ ወፍራም ካፖርት ደርቦ አውቶቡስ ይጠብቃል። የሚሄደው ሰው ሊፈትን ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ራሱ የተፈተነውን ፈተና።

ዘንዘልማን ለማያውቅ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲወጡ፣ ዓባይን ተሻግረው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደሄዱ የምትገኝ ናት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ እዚያ ነው። ሰውየው እዚያ ተማረ፣ እዚያው አስተማረ። ሙያው አፈር ነው። አሁን ዶክትሬቱን እየሠራ ነው።

በተማሪ ቪዛ እንግሊዝ የገባ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የቅዳሜዋ ሥራ ተስማማችው፤ የአይኤልትስ ፈታኝነት። «ፈታኝ» ስንል አገር ቤት እንደምናውቀው በወንበሮች መሀል የሚመላለሰውን ነው እንጂ ውጤት የሚሰጠውን አይደለም። ውጤት የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። እሱ ማን ስንት እንዳገኘ አያይም፣ አይነገረውምም። ሥራው በር ላይ መቆም፣ ፓስፖርትና ፊት ማስተያየት፣ ተፈታኝ እስከ ሽንት ቤት ማጀብ፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ዝም ማለት ነው። አስተምሮ ለኖረ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይሄ የመጨረሻው ነው።

አይኤልትስ በዚህ ስሙ የተጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ባለቤቶቹ ሦስት ናቸው፤ ብሪቲሽ ካውንስል፣ አይዲፒ የተባለው የአውስትራሊያ ድርጅትና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኅትመትና የምዘና ተቋም። ማዳመጥ 30 ደቂቃ፣ ማንበብ አንድ ሰዓት፣ መጻፍ አንድ ሰዓት፣ መናገር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ። ውጤቱ እስከ 9 ይደርሳል። ሁለት ዓመት ያለፈውን ውጤት ግን የሚቀበል ጥቂት ነው። የመምህራችን የራሱ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ጊዜው አልፎበት ተኝቷል። በወረቀቱ ሕግ ከሄድን ዛሬ እንግሊዝኛ ለመቻሉ ማስረጃ የለውም። ሰው ግን ይፈትናል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ተፈታኞች መምጣት ይጀምራሉ። የፊሊፒንስ ነርሶች ተያይዘው ይመጣሉ፤ እየሳቁ። ናይጄሪያዊው ሐኪም ብቻውን ይመጣል፤ ተናድዶ። ስልክ ይጠፋል፣ በላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል። የእጅ ሰዓት ይወልቃል። የውሃ ኮዳ ላይ ያለ ወረቀት ሳይቀር ይላጣል። ፎቶ ይነሳሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አብዛኞቹ የሚያሳዩት ፊት አንድ ዓይነት ነው፤ ምንም ሳያጠፉ የተፈተሹ ሰዎች ፊት።

ዝርዝሩ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው አምድ ሥር አንድ የሚያውቀው ዓይነት ስም አየ። የሰው ስም ነው፣ ግን የሴትየዋ አይደለም፤ የአያቷ ነው። ደንቡ በቤተሰብ ስም ጥራ ስለሚል ፊቱን ሳይለውጥ «ሚስ» ብሎ አያቷን ጠራ። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ከወንበሯ ተነስታ፣ አያቷ ከኋላዋ የቆሙ ይመስል ዞር ብላ አይታ መጣች። ፓስፖርቷን ሰጠችው። ፊቱን አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛ፦

«ሐበሻ ነህ አይደል ወንድሜ?»

መመሪያው ግልጽ ነው። ከበሩ ወዲህ ከተፈታኝ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ፤ ከመመሪያው ውጪ አንድም ቃል የለም። ምክንያቱም ይገባዋል። በማይታወቅ ቋንቋ የተነገረ ሁለት ቃል የመልስ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ከጎን የቆመው ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ፣ «እባክዎ ስልክዎን አጥፍተው እዚህ ውስጥ ያስቀምጡ» አላት። ሴትየዋ አንገቷን ሰበረች። ስልኳን አጠፋች፣ አስቀመጠች፣ ገባች።

ሰላምታ የተነፈገ ሐበሻ አታዩ። እሱም ከበሩ ሳይነቃነቅ ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ።

ፈተናው ተጀመረ። ሁሉም ጆሮ ማዳመጫ አደረጉ። ፈታኙ የሚሰማው ነገር የለም፤ የሚያየው ብቻ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ቅጽበት ቅንድቡን ሲቋጥር፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ሲጽፍ። በማዳመጥ ክፍል ድምፁ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። ያመለጠ አመለጠ።

እሱ ዘንዘልማ ሲያስተምር ሁሉን ነገር የሚለው ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንዴ በእንግሊዝኛ ለሰሌዳው፣ አንዴ በአማርኛ ለተማሪው። ስለ አሲዳማ አፈር ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ፒኤቹ፣ አሉሚኒየሙ፣ ኖራው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚበተን። ከዚያ ዞር ይልና «እንግዲህ መሬቱ ኮመጠጠ ማለት ምን ማለት መሰላችሁ» ብሎ ይጀምራል። ያኔ ነው ክፍሉ ቀና የሚለው። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል፤ «መምህር፣ በአማርኛ ልጠይቅ?» ይላል። «ጠይቅ» ይለዋል። በዓመታት ውስጥ «አይ፣ በእንግሊዝኛ ሞክር» ያለበትን ቀን ማስታወስ አይችልም።

ይህ ደግነት ነበር ወይስ ስርቆት? ሃያ ሰው አጎንብሶ በሚጽፍበት ጸጥታ ውስጥ ቆሞ የሚያስበው ይህን ነው። በአማርኛ ባያስረዳ ኖሮ ልጆቹ አፈሩን አያውቁትም ነበር። በአማርኛ ስላስረዳ ደግሞ እንግሊዝኛው ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት ተሻገረ እንጂ በማንም አፍ አላለፈም። ደግሞ ተመርቀው የት ነው የሚሄዱት? ገበሬ ጋ። ሜጫ ወይም ደራ ያለ ገበሬ ፊት ቆመው ያንኑ ትምህርት መልሰው በአማርኛ ማስረዳት አለባቸው። እንግሊዝኛው ከሰሌዳው ተነስቶ የትም ሳይደርስ የሚቀር እንግዳ ነው ማለት ነው፤ ሁሉም ወንበር ይለቅለታል፣ ማንም አያናግረውም።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የተተከለው ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ፈረንሳይኛ ነበር የከበደው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት መጣ፣ ሥርዓት ሄደ፤ የአንደኛ ደረጃው ትምህርት ወደ አማርኛ፣ ኋላም በ1986ቱ ፖሊሲ ወደየአፍ መፍቻው ዞረ፤ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲው ግን በወረቀት ላይ እንግሊዝኛ እንደሆነ ቀረ። በወረቀት ላይ የሚለው ቃል ይሰመርበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠበት በ2015 መጀመሪያ ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዙር 3.2፣ ከዚያ 5.4። ያ ሁሉ ውድቀት የእንግሊዝኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ጦርነት አለ፣ የመምህሩ ኑሮ አለ። ነገር ግን የሒሳቡም፣ የታሪኩም፣ የባዮሎጂውም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑን ረስቶ ስለዚያ ቁጥር የሚያወራ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው።

አንድ ተፈታኝ እጁን አወጣ። ሽንት ቤት። ፈታኙ አብሮ ሄደ፣ በር ላይ ቆመ፣ አብሮ ተመለሰ። ሰዓቱ ለማንም አይቆምም።

የራሱ ቀን እንዲህ አልነበረም። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ መርካቶ አካባቢ አልጋ ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ነበር የተፈተነው። ማዳመጡ አለፈ፤ ማንበቡ ቀለለው፤ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያነብ ነው የኖረው። ጣጣው የመናገሩ ክፍል ላይ መጣ። ለዚያ ክፍል የሚያዘጋጅ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ካርድ ተሰጠው፤ ውሃ ያለበት ቦታ ያሳለፍከውን ጊዜ ግለጽ። አንድ ደቂቃ አስብ፣ ሁለት ደቂቃ ተናገር።

ጣና ዳር ለተወለደ ሰው ይህ ስጦታ ነው። በልጅነቱ አጎቱ በታንኳ ይዞት ይሄድ ነበር። ታንኳዋ ከደንገል የተሠራች ናት። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ታንኳን ምን ይበላት? «ትንሽ ጀልባ» አለ። ከምን የተሠራች? ደንገል። ደንገል በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ሳይንሳዊ ስሙን ያውቀዋል፤ ሳይፐረስ ፓፒረስ፤ ተማሪዎቹን ሲያስጠና ኖሯል። ያ ግን ላቲን ነው፣ ፈተናው ደግሞ የእንግሊዝኛ ነው ብሎ ዋጠው። «ከሣር» አለ። ከሣር የተሠራ ትንሽ ጀልባ። ፈታኟ አንገቷን ነቀነቀች። ዝምታ። ከዚያ በድንገት ወደ እምቦጭ ዘለለ፤ ያን ጊዜ ምላሱ ተፈታ። እምቦጭ በ2004 ገደማ ጣና ላይ መታየቱን፣ እንዴት በፍጥነት እንደሚራባ፣ ዓሣውን እንዴት አየር እንደሚያሳጣው፣ ገበሬው በእጁ እየነቀለ እንዴት እንደደከመ፣ ሁሉን በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረ። ስለ እምቦጭ ያነበበው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበርና። ጊዜው አለቀ።

ውጤቱ ለስኮላርሺፑ በቃው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይለቀው ነገር፣ ስለ ሐይቁ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስለ አረሙ ሁለት ደቂቃ መናገሩ ነው።

የመጻፉ ሰዓት ሲጀምር ክፍሉ ውስጥ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ እንደ ክረምት ቆርቆሮ መጣ። ናይጄሪያዊው ሐኪም ከሁሉም በፊት ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሰውየው መናደዱ አይፈረድበትም። በእንግሊዝ የቪዛ ሕግ፣ ዜጎቻቸው የእንግሊዝኛ ፈተና እንዳይፈተኑ የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር አለ፤ ጃማይካ አለችበት፣ ማልታ አለችበት፤ ከአፍሪካ አንድም የለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የናይጄሪያ ወጣቶች ይህን በመቃወም ለእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፊርማ አሰባስበው ነበር። ክርክራቸው ቀላል ነው፤ ቅኝ የገዛችሁን በዚህ ቋንቋ ነው፣ የምንማረው፣ የምንዳኘው፣ የምንጣላው በዚህ ቋንቋ ነው፣ አሁን ደግሞ ከፍለን እንድናረጋግጥላችሁ ትጠይቁናላችሁ። እውነት አላቸው።

የእኛ ጉዳይ ግን ከዚህ ይመራል። እኛም «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው የተሰጠው» የሚል ደብዳቤ ከየዩኒቨርሲቲው እናጽፋለን። አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል፣ ብዙዎቹ ፈተናውን አምጡ ይላሉ፤ እኛም ንቀት ነው ብለን እንቆጣለን። ግን ደብዳቤው ላይ ማኅተም የሚያሳርፈው ሰው፣ ደብዳቤውን የሚቀበለው ተመራቂ፣ ያስተማረውም መምህር የሚያውቁት ነገር አለ፤ ደብዳቤው ግማሽ ውሸት ነው። ናይጄሪያዊው በሩ ላይ የሚቆመው የሆነውን እንዳልሆነ ተቆጥሮበት ነው። እኛ የምንቆመው ደግሞ ያልሆነውን ሆኗል ተብሎ ተጽፎልን ነው። ለዚህም በነፍስ ወከፍ እንከፍላለን። ክፍያው በየአገሩ ቢለያይም ከሁለት መቶ ዶላር ብዙ አይርቅም፤ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ያ ገንዘብ ለአንድ መምህር ምን እንደሆነ ማስላት ለአንባቢ ይተዋል።

ከሰዓት በኋላ የመናገሩ ፈተና ነበር። ፈታኙ አሁን አስጠሪ ነው፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ በየተራ ይጠራል። የሴትየዋ ተራ ሲደርስ የአያቷን ስም በድጋሚ ጠራ። ዓይኗን አላነሳችም። በሩ ተዘጋ። ከሩብ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ቆይታ ወጣች። በአጠገቡ አለፈች።

ሥራው አልቆ ሲወጣ ጨልሟል። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አገኛት።

«እንደምን አመሹ» አላት፣ በአማርኛ።

ዞር ብላ አየችው። «አማርኛ ትችላለህ ለካ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚያ ውስጥ አይፈቀድልንም።»

«ገብቶኛል። እንጀራህ ነው።» ትንሽ ዝም አለች። «ግን አንቺ በለኝ፣ አርጅቼ ነው እንዴ? ያኔ በእንግሊዝኛ ስታናግረኝ አንቺ በለኝ አንቱ በለኝ ማወቅ አቅቶኝ ነበር።» ሳቀች። እውነቷን ነው፤ እንግሊዝኛ ያንን ይውጠዋል።

ወረታ ነው አገሯ። ዘንዘልማ ሲላት «በመስኮት ያላየኋት ቀን አለ?» አለች፤ ከወረታ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሁሉ የሚያልፍባት ናት። አገር ቤት ዓመታት ነርስ ሆና ሠርታለች። እዚህ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ናት። ነርስ ሆና እንድትመዘገብ ምክር ቤቱ የሚጠይቀው በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ነው። ሦስቱን አምጥታለች። መጻፉ 6 ላይ ቆሟል። የዛሬው ሦስተኛዋ ነው።

«ሌሊት ሌሊት ማን በላ፣ ማን ወደቀ፣ ማን መድኃኒቱን አልወስድም አለ፣ ለሚተካኝ ሁሉንም የምጽፈው እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ። እስከ ዛሬ አልገባኝም ያለ የለም። እዚህ ስመጣ ግን ግራፍ ይሰጡኛል፤ መስመሩ ወጣ፣ መስመሩ ወረደ በይ ይሉኛል።» ከዚያ በመናገሩ ላይ ያጋጠማትን ካርድ ልትነግረው ስትጀምር እጁን አነሳ። «አይ፣ እሱን እንኳን አትንገሪኝ። ሥራዬን ታሳጪኛለሽ።» ሁለቱም ሳቁ።

በምትኩ እሱ የራሱን ነገራት። ታንኳውን፣ ሣሩን፣ እምቦጩን። «ደንገል በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፍቶብኝ» አላት።

«ፓፒረስ አይደለም እንዴ?» አለች፣ እንደ ቀልድ።

ዝም አለ። ሳይፐረስ ፓፒረስ። ላቲን ነው ብሎ የዋጠው ቃል እንግሊዝኛውም ያው ነበር። ተማሪዎቹን ያስጠናው ነበር እኮ። አፉ ላይ ነበር። ችግሩ አለማወቁ አልነበረም፤ ያንን ቃል ጮክ ብሎ ለሰው ተናግሮት አያውቅም ነበር።

የእሷ አውቶቡስ መጣ። ከዚያው ወደ ሌሊት ሥራ ነው የምትሄደው። «በል ደህና እደር ወንድሜ፣ ጸልይልኝ» ብላ ወጣች።

ማታ ክፍሉ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ከዘንዘልማ የድምፅ መልእክት ደርሶት አገኘ። የቀድሞ ተማሪው ነው፤ አሁን እዚያው ያስተምራል። ስለ አዲሱ ድልድይ ያወራል፤ ባለ 380 ሜትሩ፣ በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ መምህሩ ያላየው። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ስኮላርሺፕ አመልክቷል። አዲስ አበባ ሄዶ እንዳይፈተን መንገዱ ያስፈራል፤ የአውሮፕላኑ አይቻልም። ቤት ተቀምጠው በኮምፒውተር የሚወስዱት ዱኦሊንጎ የሚባል ፈተና አለ ሲሉ ሰምቷል፤ ነገር ግን በክልሉ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ያየ ሰው በፈተናው መሀል ኔትወርክ ቢሄድብኝስ ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። «የቱ ይሻለኛል መምህር?» ይላል መጨረሻ ላይ።

መምህሩ ሁለት ጊዜ አዳመጠው። ከዚያ የድምፅ መልእክት መላኪያውን ተጭኖ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። ስለ ሁለቱ ፈተናዎች ልዩነት፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ መናገሩ ክፍል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ተናግሮ አቆመ። «አሁን አንተም በእንግሊዝኛ መልስልኝ» አለና ላከው።

ሁለቱ ምልክት ታየ፤ ሰምቶታል። «እየቀዳ ነው» የሚለው ጽሑፍ ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። እንደገና ጠፋ። በመጨረሻ የመጣው ጽሑፍ ነው፤ «መምህር፣ በአማርኛ ልመልስ?»

በዚያው ሰዓት ገደማ ከፈተና ጣቢያው ኢሜይል ገባ፤ ለመጪው ቅዳሜ ይመችህ እንደሆነ አሳውቀን የሚል። ይመቸኛል ብሎ መለሰ። ለልጁ ግን ገና አልመለሰለትም።